የሚንቀራፈፍ የመኪና መስታወት፦ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት የሚሠራው ሥራ

ሲወርድ ደህና የነበረው መስታወት ሲወጣ መሀል ላይ ያቃስታል፣ ይቆማል፣ ጣትዎን ከስዊቹ ላይ ሳያነሱ ሲጠብቁ እንደገና ይንፏቀቃል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው «ሞተሩ ደክሟል» ይላል። አንዳንድ ጋራዥም ይህንኑ ይደግምለትና ሞተር ያስገዛዋል። አዲሱ ሞተር ጉልበት ስላለው ለጊዜው ጎትቶ ያወጣዋል፤ ውሎ አድሮ ግን እሱም መዳከሙ አይቀርም፤ መስታወቱን የያዘው ነገር አልተነካምና።

በአዲስ አበባ አቧራና ፀሐይ በሚውል መኪና ላይ የመስታወት መዘግየት በመጀመሪያ መስታወቱ የሚንሸራተትበት የቆሸሸና የደረቀ ጎማ ጣጣ ነው፤ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ግንኙነት፣ በመጨረሻ የሞተር። ፍተሻውም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ ኪስም ጊዜም ይተርፋል። ለመጀመሪያው ደረጃ የሚያስፈልገው ጨርቅ፣ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና አንድ ቆርቆሮ የሲሊኮን ርጭት ብቻ ነው። ምሳሌ የማደርገው መንገዱን የሞሉትን ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ ነው፤ አሠራሩ ግን በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ተመሳሳይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም መስታወታቸውን የሚያንቀሳቅሱት ከትልቁ ባትሪ ሳይሆን ለብቻው በተቀመጠ የ12 ቮልት ባትሪ ስለሆነ ለእነሱም ይሠራል።

በበሩ ውስጥ ያለው

በበሩ ላሜራና በውስጠኛው ሽፋን መካከል አነስተኛ የ12 ቮልት ሞተር ተቀምጧል። ሞተሩ በጠመዝማዛ ጥርስ አማካይነት የመስታወት ማንሻውን ያንቀሳቅሳል። መስታወቱን በእጅ ገፍቶ ማውረድ የማይቻለው ይህ ጥርስ ከሞተሩ ወደ ማንሻው እንጂ ከማንሻው ወደ ሞተሩ ስለማይዞር ነው። ማንሻው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚከፈትና የሚዘጋ የመቀስ ቅርጽ ያለው የብረት ክንድ ሲሆን፣ ሌላው በቀጭን የሽቦ ገመድ እየተጎተተ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ነው። መስታወቱ ከማንሻው ጋር የሚያያዘው ብዙ ጊዜ በሁለት ብሎኖች ነው።

መስታወቱ ሲወጣና ሲወርድ ከፊትና ከኋላ በጎማ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ጫፍ ሲደርስም ላይኛው ቦይ ውስጥ ይገባል። የቦዩ ውስጠኛ ገጽ ቬሉቶ በሚመስል ለስላሳ ጨርቅ ተሸፍኗል። ፊትዎን አስጠግተው በባትሪ መብራት ቢያዩት፣ አዲስ መኪና ላይ ጥቁርና ሙሉ ሆኖ የሚታየው ይህ ጨርቅ፣ ብዙ በሄደ መኪና ላይ በደቃቅ ቀይ አፈር ተደፍኖ፣ አንዳንድ ቦታም ተልጦ ራቁት ጎማው ወጥቶ ያገኙታል። ፍትጊያው የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ሳይፈቱ መመርመር

አንድም ብሎን ሳይነካ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። እኔ ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ የተቻኮለ ሰው ኋላ ላይ ያልተበላሸ ዕቃ ይቀይራል።

መጀመሪያ መኪናውን አስነስተው አራቱንም መስታወቶች በየተራ ያውጡና ያውርዱ። መኪናው ሲጠፋ የባትሪው ኃይል 12.6 ቮልት ገደማ ነው፤ ሲነሳ ግን ከ13.8 እስከ 14.4 ይደርሳል፤ ስለዚህ መኪናው ጠፍቶ ትንሽ መዘግየቱ በሽታ አይደለም። አራቱም እኩል ከዘገዩ ባትሪውንና ዲናሞውን ያስመርምሩ። አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው በር ላይ ነው።

ቀጥሎ በሁለቱ የጎማ ቦዮች ውስጥ ንጹህ ውሃ አፍስሱና መስታወቱን ያንቀሳቅሱ። ውሃው እስኪደርቅ ድረስ ከፈጠነ ነገሩ አለቀ፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ የያዘው ፍትጊያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወይም መኪና በታጠበ ዕለት መስታወታቸው «በራሱ የሚድን» ሰዎች ይህን ፍተሻ ሳያውቁት አድርገውታል።

መስታወቱ ሲወጣ መዳፍዎን ከውስጥና ከውጭ ጠፍጣፋ አድርገው ይዘው ወደ ላይ ያግዙት። ጣትዎ ግን ከላይኛው ጠርዝ በእጅጉ የራቀ ይሁን። ሲታገዝ የሚፈጥን ከሆነ ወይ ፍትጊያ አለ ወይ ሞተሩ ደክሟል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያዝ ከሆነ እዚያው ቦታ ያለውን ጎማ ይፈትሹ፤ ተጣጥፎ ወይም ከቦታው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ተጋድሞ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የላላ ብሎን ወይም የተሰበረ የፕላስቲክ መያዣ አለ ማለት ነው፤ ያንን ጽዳት አያድነውም።

መስታወቱ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ማታ ላይ የጣሪያውን መብራት አብርተው ስዊቹን ይጫኑ። መብራቱ ትንሽ ከደበዘዘ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ዘንድ ደርሷል፣ ሞተሩ ግን መዞር አቅቶታል። ምንም ካልደበዘዘ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ፊውዝ፣ ስዊች ወይም ሽቦ ይጠርጥሩ። ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ መስታወቱ የማይነቃነቅ ከሆነ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ጥርሱ ተበልቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የመስታወት ሞተሮች ሲግሉ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መከላከያ በውስጣቸው አላቸው። ደጋግመው ሲጫኑት ይሞትና ጥቂት አርፎ ይነሳል። ይህን «አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል» የሚል ጠባይ የሽቦ ችግር ነው ብለው እንዳይሳሳቱ፤ በምርመራ ጊዜም ሞተሩን በየመሀሉ ያሳርፉት።

ጽዳት

መስታወቱን እስከ ታች ያውርዱ። ቀጭን የፕላስቲክ ማስመሪያ ወይም ጫፉ የተስተካከለ ጠፍጣፋ እንጨት በስስ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉ። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አይጠቀሙ፤ ያንን ለስላሳ ሽፋን ይልጠዋል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው ጨርቁን ያርጥቡና በፊተኛው ቦይ ከላይ እስከ ታች ይሳቡት። የመጀመሪያው ጨርቅ ቡናማ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ጨርቁን አጥበው ወይም ቀይረው፣ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋግሙት። ከዚያ የኋለኛውን ቦይ፣ በመጨረሻም የላይኛውን። ብዙ ሰው የላይኛውን ይረሳል፤ መስታወቱ ሊዘጋ ሁለት ጣት ሲቀረው የሚቆመው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ በተከማቸ አፈር ነው።

በበሩ ወገብ ላይ ከውስጥና ከውጭ መስታወቱን የሚጠርጉትን ሁለት የጎማ ከንፈሮችም በዚሁ ጨርቅ ያጽዱ። መስታወቱ ላይ ቀጥ ያሉ ጭረቶች ካሉ በእነዚህ ከንፈሮች ውስጥ ጠጠር ተቀርቅሯል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስቲክ ካለ ጠርዙን ይመልከቱ፤ የተነሳ ጠርዝ በከንፈሩ ላይ እየተጠቀለለ መስታወቱን ይይዘዋል።

ሁሉም በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ቦይ ላይ የተረጨ ሲሊኮን ከንቱ ነው። ከደረቀ በኋላ የሲሊኮን ርጭቱን በቀጭኑ ቱቦ ወደ ቦዩ ውስጥ በስሱ ይርጩ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዙር ይበቃል። ወደ ፊት መስታወት እንዳይበን ይጠንቀቁ፤ በዝናብ ጊዜ ዕይታ የሚከለክል ቅባት ይሆናል። ስዊቹንም በጨርቅ ይሸፍኑት። ከዚያ መስታወቱን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በየመሀሉ እያሳረፉ ያውጡና ያውርዱ፤ መስታወቱ ላይ የቀረውን ቅባት ይወልውሉ።

የሞተር ዘይት፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ወደዚህ ቦይ ፈጽሞ አይግባ። መስታወቱ ለጊዜው ይፈጥናል፤ ቅባቱ ግን አቧራውን ሰብስቦ ወደ ጭቃ ይለውጠዋል፣ የነዳጅ ውጤት የሆነው ዘይትም ጎማውን ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎማ ደግሞ ታጥቦ አይመለስም፣ መቀየር ነው። ደብሊውዲ 40 የተባለው ርጭትም ለተጣበቀ ብሎን እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀደም ሲል ዘይት የተቀባ ቦይ ከገጠመዎ በሳሙና ውሃ በተደጋጋሚ ይጠቡት፤ ቤንዚን አይጠቀሙ።

የሚበዙት መስታወቶች እዚህ ላይ ይድናሉ። ያልዳኑት ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ኤሌክትሪኩ

ፊውዙ በቀላሉ ስለሚታይ እሱን ያስቀድሙ፤ ቦታው በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተስሏል። የተቃጠለውን በትልቅ ፊውዝ ወይም በሽቦ መተካት በበሩ ውስጥ እሳት መጋበዝ ነው። የኋላ መስታወቶች ብቻ እምቢ ካሉ ደግሞ የሹፌሩ በር ላይ ያለችው የልጆች መቆለፊያ ተጭና እንደሆነ ይዩ።

ስዊቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። በብዙ መኪኖች፣ በተለይ ቀደም ባሉት ሞዴሎች፣ የተሳፋሪው ሞተር ሁለቱም ሽቦዎች በሹፌሩ ዋና ስዊች በኩል ያልፋሉ። ተሳፋሪው የራሱን ስዊች ሲጫን እንኳ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በዋናው ስዊች ነው። ስለዚህ የዋናው ስዊች መዳቦች ሲጠቁሩ የተሳፋሪው መስታወት ከየትኛውም ስዊች ቢታዘዝ ይዘገያል። ሰው የተሳፋሪውን በር ፈትቶ ሞተር ሲቀይር ጥፋቱ ሹፌሩ ክርን ሥር ተቀምጧል።

ይህን የሚያረጋግጠው ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ነው። የበሩ ውስጠኛ ሽፋን ከወጣ በኋላ (አወጣጡ ከታች አለ) ሁለቱን ዘንጎች ሞተሩ ሶኬት ላይ፣ ሶኬቱ ሳይነቀል ከኋላ በኩል አስገብተው ስዊቹን ሲጫኑ ያንብቡ። ከባትሪው ንባብ በአንድ ቮልት ገደማ ቢያንስ ደህና ነው። ባትሪው 12.5 እያለ ሞተሩ ዘንድ 9 ወይም 10 ብቻ ከደረሰ ኃይሉ ስዊቹ ወይም ሽቦው ላይ እየባከነ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ የሚደረግ ልኬት ግን ያታልላል፤ ሸክም የሌለበት የጠቆረ መዳብም ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል።

ስዊቹን ለማጽዳት ከበሩ ላይ በፕላስቲክ መንቀያ አንስተው ሶኬቱን ይንቀሉ። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው፣ ስዊቹን ከዚያ በላይ ይዘው መያዣዎቹን በቀስታ ይክፈቱ፤ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ሞላዎች ዘለው ይጠፋሉ። ከመንካትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። የጠቆሩትን መዳቦች በአልኮል በራሰ የጥጥ ጨርቅ፣ ካስፈለገም በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ያጽዱ። መዳቡ ተበልቶ ጎድጉዶ ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ ስዊቹን ይቀይሩ።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ወደ ስዊቹ ውስጥ ምንም ዓይነት የገበያ ቅባት አይርጩ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 በዓለም ዙሪያ ወደ 7.4 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና የጠራው የሹፌሩ በር ዋና ስዊች ውስጥ ግራሶው እኩል ባለመቀባቱ ምክንያት ነበር፤ የሚጣበቅ ስዊች ለማለስለስ ከገበያ የተገዛ ቅባት ከተጨመረበት ደግሞ ሊቀልጥ እንደሚችል ኩባንያው አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015ም በዚሁ ስዊች የተነሳ 6.5 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ጠርቷል። በሁለቱም ጥሪዎች ውስጥ ቪትዝና ኮሮላ ነበሩ። ስዊቹን ሲጫኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ወይም ስዊቹ ከሞቀ በዚያው ቅጽበት መጠቀም ያቁሙ።

የቀረው ሽቦው ነው። በበሩና በመኪናው አካል መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ የሚያልፉት ሽቦዎች በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፉ፣ ከላይ ደህና እየመሰሉ ውስጣቸው ይበጠሳል። ስዊቹን እየተጫኑ በሩን ቀስ ብለው ይክፈቱና ይዝጉ። በሆነ ማዕዘን ላይ መስታወቱ ከተነሳ ጥፋቱን አገኙት። የተበጠሰውን በብየዳ ያገናኙና በሙቀት በሚጠብቅ ቱቦ ይሸፍኑ፤ እዚህ ቦታ ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ ማሰር አይቆይም።

በሩን መክፈት

በበሩ ውስጥ ወይም አካባቢ የኤርባግ ክፍል ሊኖር ስለሚችል ቁልፉን ያጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። የኤርባግ ሶኬት ተነቅሎ ሳለም ቁልፍ አይክፈቱ። ጓንት ያድርጉ፤ የበር ላሜራ ውስጠኛ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ብሎኖቹ ተደብቀዋል። አንዱ ከውስጠኛው መክፈቻ ጀርባ በትንሽ ክዳን ሥር፣ ሌላው በክርን ማሳረፊያው ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። ከጎን የኋላ ማሳያ መስታወቱ ጀርባ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክም ያውጡ። ሁሉም ብሎን መውጣቱን ሳያረጋግጡ ሽፋኑን አይሳቡ። ከዚያ ከታችኛው ጥግ ጀምረው ክሊፖቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ሲላቀቁ ጠንካራ ድምፅ ማሰማታቸው አያስደንግጥዎ። ዙሪያው ሲለቅ ሽፋኑን ወደ ላይ አንስተው ያውጡ፤ የመክፈቻውን ገመድና የስዊቹን ሶኬት ሳይነቅሉ ግን አያርቁት።

ከሥሩ በጥቁር ማጣበቂያ የተለጠፈ የፕላስቲክ ሉህ አለ። እንዳይቀደድ በቀስታ ይላጡት። ይህን ሉህ ብዙ ሠራተኞች «አያስፈልግም» ብለው ይጥሉታል። በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ የሚገባው የዝናብ ውሃ ወደ ታች ወርዶ በበሩ ሥር ባሉ ቀዳዳዎች እንዲወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ከሌለ ውሃው ወደ ምንጣፉ ይመጣል፣ ክረምቱን ሙሉ መኪናው ይሸታል።

ማንሻውና ሞተሩ

ባትሪውንና ስዊቹን መልሰው አገናኝተው የመስታወቱ ብሎኖች በላሜራው ቀዳዳ በኩል እስኪታዩ ያውርዱ። መስታወቱን ከበሩ ፍሬም ጋር በሰፊ ፕላስተር ከሁለቱም ወገን አጥብቀው ይለጥፉ። ሁለቱን ብሎኖች ብዙ ጊዜ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፍቱ።

አሁን የማያወላዳውን ፍተሻ ያድርጉ። ፕላስተሩን አንስተው መስታወቱን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትቱ። በትንሽ ጉልበት መሄድ አለበት። እዚህም የሚያዝ ከሆነ ቦዩ ጠቧል፤ ጎማውን ይቀይሩ። በነጻነት ከሄደ መስታወቱን ከላይ መልሰው ይለጥፉና ማንሻውን ባዶውን ያንቀሳቅሱ፤ እጅዎ ከበሩ ውጭ ይሁን። ባዶውንም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሐዲዱን ይዩት። አሮጌው ግራሶ ጠንክሮ ሙጫ ሆኖ ያገኙታል። በጨርቅ ጠርገው አዲስ ነጭ የሊቲየም ግራሶ በሐዲዱና በመገጣጠሚያዎቹ ላይ በስሱ ይቀቡ፤ ግራሶ የሚፈቀደው ብረት በብረት ላይ ለሚሄድበት ለዚህ ቦታ ብቻ ነው። የተፈተለ ወይም ክሩ የተበጣጠሰ ገመድ ካዩ ማንሻውን በሙሉ ይቀይሩ።

ከዚህም በኋላ ካልፈጠነ፣ ሶኬቱን ነቅለው በ20 አምፔር ፊውዝ ያለፈ ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ለሞተሩ ይስጡ። ሽቦዎቹን ሲያገለባብጡ አቅጣጫው ይለወጣል። ይህ የሚሠራው ሁለት ሽቦ ብቻ ላለው ሞተር ነው፤ ብዙ ሽቦ የሚገባበትና የራሱ ኮምፒውተር ያለው ሞተር ላይ አይሞክሩት። በቀጥታ ኃይልም ከዘገየ፣ እንግዲህ በእርግጥ ሞተሩ ደክሟል።

የመቀስ ዓይነት ማንሻ ላይ ሞተሩን ከመፍታትዎ በፊት እጅግ ይጠንቀቁ። ክንዱን የሚያግዝ ጠንካራ ሞላ አለ፤ ሞተሩ ሲወጣ ጥርሱን የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ክንዱ በኃይል ተስፈንጥሮ ጣት ይሰብራል። ጥርስ ያለበትን ላሜራ ከማንሻው አካል ጋር በብሎን ወይም በጠንካራ መቆንጠጫ ሳያስሩ ሞተሩን አይፍቱ። እርግጠኛ ካልሆኑ ይህን አንዱን ክፍል ለባለሙያ ይተዉ።

ያገለገለ ሞተር ሶማሌ ተራ ሲፈልጉ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ይለያያል፤ የሶኬቱ እግር ቁጥርም ካልተመሳሰለ አይሠራም። ሻጩ ዘንድ በባትሪ አስዞረው፣ በሁለቱም አቅጣጫ ፍጥነቱ እኩል መሆኑን ሰምተው ይግዙ።

ሲመልሱ

የመስታወቱን ብሎኖች በልል አስገብተው መስታወቱን ወደ ላይ ያውጡት፤ በቦዩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ያጥብቋቸው። ታች ላይ ሳለ ከጠበቀ ተጋድሞ ይቀራል። ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት ሙሉውን መንገድ ደጋግመው ይሞክሩ፣ ሉሁን መልሰው ይለጥፉ፣ የተሰበሩ ክሊፖችን ይተኩ።

ባትሪ ከተነቀለ በኋላ በአንድ ንክኪ እስከ ጫፍ የሚወጣው መስታወት ይህን ሥራውን ሊረሳ ይችላል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ስዊቹ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መኪናውን አስነስተው መስታወቱን እስከ ታች ያውርዱ፣ ከዚያ ስዊቹን ወደ ላይ ስበው እስኪዘጋ ይያዙት፤ ከተዘጋም በኋላ ጥቂት ሰከንዶች አይልቀቁት። ካልተሳካ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የራሱን ቅደም ተከተል ይነግርዎታል።

የመጨረሻው ሙከራ እንቅፋት ሲያጋጥመው የሚመለስ መስታወት ላላቸው መኪኖች ነው። የተጠቀለለ ጋዜጣ በመስታወቱ መንገድ ላይ ይያዙና በአንድ ንክኪ ይዝጉት። ነክቶት ወዲያው መውረድ አለበት። ጋዜጣውን ጨፍልቆ ከቆመ ማስተካከያውን ይድገሙ፤ እስኪስተካከል ድረስም ልጆች ከኋላ ሲቀመጡ መቆለፊያዋን ተጭነው ይንዱ።